ሻይብ የማይጥለው ኸይሩ

ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ገበያ፣ ከእኔ ዱካን ጎን ያለውን የቅመም ዱካን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ፣ በመተማ በኩል የገባ በርበሬ፤ የሀገሩ ሽታ የናፈቀው ሁሉ መጥቶ እዚያ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ባለቤቱ ኸይሩ ይባላል። እኔ አኑዋር ደግሞ ጫማ ሻጭ ነኝ። ጫማ ናፍቆት የሚያለቅስ ሰው ስለሌለ፣ እኔ ዘንድ የሚመጣው ክረምቱ ገብቶ የገዳሪፍ ጥቁር ጭቃ ጫማውን ያስቀረበት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ሲከራከረኝ ይውላል።

ኸይሩ የመተማ ቆላ ልጅ ነው። ገና ጢሙ በቅጡ ሳይበቅል፣ ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብሎ በጋላባት ተሻገረ። እናቱን "አጨዳው ሲያልቅ እመለሳለሁ" ብሎ ነበር የተሰናበታት። አጨዳው አለቀ። እሱ ግን ከሰሊጥ ወደ ማሽላ፣ ከማሽላ ፋው ወርዶ ወደ ጥጥ ለቀማ፣ ከጥጥ ወደ ጆንያ ተሸካሚነት ሲል ቆይቶ፣ አንድ ቀን መንገድ ዳር ከረጢት አንጥፎ በርበሬ መሸጥ ጀመረ። ከረጢቱ ጠረጴዛ ሆነ፣ ጠረጴዛው ዱካን ሆነ። አግብቶም ነበር፤ ሚስቱን ልጅ ሳትወልድለት ወባ ነጠቀችበት። ከዚያ ወዲህ ራሱ እስኪሸብት ድረስ ብቻውን ኖረ። እናቱን በየጊዜው እየተሻገረ ሲጠይቃት ኖሮ በመጨረሻ በእጁ ቀበራት። "አንተ አጨዳው እስከ ዛሬ አላለቀልህም" እያልኩ እቀልድበታለሁ፤ እሱም ይስቃል።

በርበሬ ሲያሸት ከየት እንደመጣና ምን እንደተቀላቀለበት ይነግርሃል። ሰውን ማሽተት ግን አያውቅም። የተቸገረ የመሰለውን ሁሉ ያምናል፤ መዝኖ ከጨረሰ በኋላ አንድ እፍኝ ይጨምራል። በተለይ ጦርነቱ ተነስቶ ከካርቱም የተፈናቀለው ሕዝብ ከተማዋን ከሞላት ወዲህ፣ የሚጨምረው ከሚመዝነው ሳይበልጥ አይቀርም። "እንዲህ እየሆንክ እንዴት ትኖራለህ?" ስለው "እስካሁን ኖሬ የለ?" ይለኛል። በዚህ መልሱ ስንቴ እንደተናደድኩ አላህ ነው የሚያውቀው።

ታዲያ ይህ ሰው በስተርጅና ወደደ።

የወደዳት ባሕሪያን ነው። ባሕሪያ ልብስ ሰፊ ናት፤ በሰፊዎች መደዳ በእግር የምትረግጠው የስፌት መኪና አላት። የመጀመሪያ ባሏ ጥሏት ከጠፋ ወዲህ ከታላቅ ወንድሟ ከአብዱልናስር ቤት ትኖራለች። ሳቂታ ናት፤ ስትቆጣ ግን መደዳው ሁሉ ጸጥ ይላል። ኸይሩ እንደወደዳት ያወቅሁት በሱሪው ነው። አንዱን ሱሪ "ረዘመኝ" ብሎ ወሰደላት፣ አሳጠረችለት። ብዙም ሳይቆይ ሌላውን ወሰደ። ከዚያ ሌላውን። ያለው ሱሪ በሙሉ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሲቀር፣ ገበያተኛው "ኸይሩ ደግሞ ሃይማኖት አጠበቀ እንዴ?" ማለት ጀመረ። እሱ ግን ያጠበቀው ሌላ ነገር ነበር።

"አንተ ሰውዬ፣" አልኩት አንድ ቀን፣ "ሱሪህ ጉልበትህ ሳይደርስ ሽማግሌ ላክ።"

"ማንን ልላክ?"

"እኔን ነዋ! ጎረቤትህ ምን ሊሠራልህ ነው የተቀመጠው?"

ፊቱ እንደ በርበሬው ቀላ። ድንብላል ሲያበጥር ቆየና "እንግዲህ... ወንድሟን ቀስ ብለህ ጠይቅልኝ" አለኝ። እኔ ቀስ ብዬ መሥራት አልችልበትም፤ በዚያው ቀን ሄድኩ።

አብዱልናስር የድሮ የሎሪ ሾፌር ነው። ከገዳሪፍ ከሰላ፣ ከከሰላ ፖርት ሱዳን ሲመላለስ ኖሮ ጉልበቱ እምቢ ሲለው ቁጭ አለ። አሁን ከቀትር በኋላ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ባለችው ራኩባ፣ ማለትም በሣር በተከደነችው ዳስ ሥር፣ ኮንካን ይጫወታል። ያለ ካርታ መዋል አይችልም። በገንዘብ አይጫወቱም፤ ሐራም ነው። የተሸነፈ ሰው ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት የሌሎቹን ኢብሪቅ፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን፣ ውሃ ይሞላል፣ ቅጣቱ ይኸው ብቻ ነው። ይህን ቅጣት ግን እንዳይቀምሱ ሰዎቹ የሚጨነቁትን ብታይ፣ የከተማው ርስት የተያዘ ይመስልሃል።

የመጣሁበትን ስነግረው አብዱልናስር ካርታውን አስቀመጠ።

"ኸይሩ ደግ ሰው ነው ይላሉ" አለኝ። "የመጀመሪያውም ደግ ነው ተብሎ ነበር።"

ከዚያ ነገሩን አጫወተኝ። የባሕሪያ የመጀመሪያ ባል ሊያገባት ሲያስብ አንድ ክረምት ሙሉ እዚህችው ራኩባ ሥር እየመጣ ከአብዱልናስር ጋር ኮንካን ይጫወት ነበር። ሁልጊዜ ይሸነፋል። እየሳቀ ኢብሪቅ ይሞላል። "ጋሼ፣ እርስዎን ማን ይችላል!" ይላል።

"እኔ ጅሉ ደስ አለኝ" አለ አብዱልናስር። "ትሑት ነው፣ አክባሪ ነው ብዬ እህቴን ሰጠሁት። ኒካሁ ከታሰረ በኋላ አንድ ቀን ለጨዋታ ተቀመጥን። ወላሂ፣ እንደ ሕፃን ነው የተጫወተብኝ! ከመጀመሪያውም ይችል ነበር። ያን ቀን ጠረጠርኩት። ሾዋክ ወስዶ አስቀመጣትና አንድ ጠዋት 'ገበያ ደርሼ መጣሁ' ብሎ ወጣ። ሊቢያ ገባ ሲሉ ሰማን። እያባበለ የተሸነፈልኝ ሰው እህቴንም እያባበለ ነው ጥሏት የሄደው። ይህን ያደረግሁባት እኔ ነኝ።"

"ኸይሩ እንዲያ ዓይነት ሰው አይደለም" አልኩት።

"እንግዲያው ይምጣ፣ ይቀመጥ። ያሸንፈኝ አላልኩም፣ ይሸነፍልኝም አላልኩም። ሲጫወት ልየው። የሚያባብለኝ ከሆነ ግን፣ ያ አኑዋር፣ ኸላስ፣ አበቃ። ሽማግሌ ብትልኩብኝ በር አልከፍትም።"

ደስ ብሎኝ እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኩት። ኸይሩ ሚዛኑን እንደያዘ ቀረ።

"አኑዋር፣" አለኝ፣ "እኔ እኮ ካርታ ይዤ አላውቅም።"

በልጅነቱ ሥራ፣ በጉልምስናው ሥራ፤ ሌላው ሲጫወት እሱ ሲሸከም ነው የኖረው። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ቢሆንም በእኛ መደዳ እንደ እኔ ኮንካን የሚችል የለም። ይህን ያልኩት እኔው ነኝ፤ እስካሁን ግን የካደ ሰው የለም። "አስተምርሃለሁ" አልኩት። ዝናቡ ገበያውን ሲበትነው፣ በእኔ ዱካን ውስጥ በጫማ ካርቶን ላይ ትምህርት ጀመርን።

ጨዋታው ከባድ አይደለም። ካርታ ይታደልሃል። በተራህ አንድ ትስባለህ፣ አንድ ትጥላለህ። የጣልከው ለሚቀጥለው ሰው ከጠቀመው ማንሳት ይችላል። ወይ አንድ ዓይነት ቁጥር ትሰበስባለህ፣ ወይ አንድ ዓይነት ሥዕል ያላቸውን በተርታ ትደረድራለህ። እጅህ ላይ ያለው ሁሉ ሲገጥም "ዘጋሁ" ብለህ ታስቀምጣለህ፤ አለቀ። ይህን የሰባት ዓመት ልጅ ይይዘዋል። ኸይሩም ያዘው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

የመጀመሪያው ጣጣ የባለዱካን ልማዱ ነው። ካርታዎቹን እንደ ቅመም መደርደሪያ ያሰናዳቸዋል፤ ትላልቁን በቀኝ፣ ትናንሹን በግራ፣ የጎደለበት ቦታ ላይ ደግሞ በጣቱ ክፍተት ይተዋል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠ ሰው ምን እንደያዘና ምን እንዳጣ ሳይደክም ያነባል። ይህ አልበቃ ብሎ፣ የሳበው ካርታ ሳይሆንለት ሲቀር "ማፊ፤ ቡክራ ኢንሻአላህ" ይላል፤ የለም፣ ነገ ይመጣል ማለቱ ነው። ዕቃ ሲያልቅበት ለደንበኛ የሚለውን ለራሱ ይለዋል።

"ለማን ነው የምትነግረው?" ብዬ እጮህበታለሁ። "ገዢ የለም እዚህ!"

"አፌ ለምዶት ነው፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ።"

ሁለተኛው ጣጣ፣ የተጣለ ነገር ሁሉ ያሳዝነዋል። እኔ የማይረባ ካርታ እጥላለሁ፣ እሱ ያነሳዋል። "ምን ሊያደርግልህ ነው?" ስለው "አይታወቅም፣ ሊጠቅም ይችላል" ይላል። በዚህ የተነሳ እጁ የጎረቤት ቁራጭ መሰብሰቢያ ይሆናል። ሦስተኛው ጣጣ ደግሞ ጥሩ ካርታ ሲመጣለት ነው፤ ያኔ ጉልበቱን ያሻሻል። ሳያውቀው ነው። ዝናብ መጣ ሲባል እንደሚያሽ የቁርጥማት በሽተኛ ያሻሻል፣ እኔም ወዲያው ሁሉን አውቃለሁ።

ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን የሻይብ ነገር ነው። በሱዳን ካርታ ንጉሡን ሻይብ ይሉታል፤ ሽበታሙ ሽማግሌ ማለት ነው። ሻይብ ከባድ ነው። ቶሎ ካልገጠመልህ እጅህ ላይ ሳያረጅ መጣል አለብህ። ኸይሩ አይጥልም! አንዱን ሻይብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞት ይቀመጣል።

"ጣለው እንጂ!"

"ሽማግሌ እኮ ነው" አለኝ፣ ካርታውን እያየ። "ጢሙን ተመልከተው። ወለዱን ጥዬ ሽማግሌውን ባስቀምጥ ምን አለበት?"

ወለድ የሚሉት ጎረምሳውን ካርታ ነው፤ እሱን ሳይሳቀቅ ይጥላል። እኔ ያን ቀን ካርታውን በትኜ ወጥቼ ዝናብ ውስጥ ቆምኩ። ተመልሼ ስገባ ኸይሩ ካርታዎቹን ከጫማዎቼ መሀል ለቅሞ፣ በሥርዓት ደርድሮ ጠበቀኝ። ሻይቦቹን ከላይ አድርጓቸዋል። መሳቅ አልፈልግም ነበር፣ ግን ሳቅኩ።

ጊዜው ሲደርስ ይዤው ወደ ራኩባው ሄድኩ። አራተኛ ተጫዋች መኣሾ ነበር። መኣሾ የትግራይ ልጅ ነው፤ ከጡነይድባ የስደተኞች ካምፕ እየመጣ በገበያው ስልክ ይጠግናል። የትግራዩን ጦርነት ሸሽተው፣ የድንበሩን ወንዝ ተሻግረው ሐምዳይት ላይ አውቶቡስ ሲጠባበቁ በከረሙበት ጊዜ፣ ከጭንቀት ማምለጫ ያገኘው ካርታ ብቻ ስለነበር፣ እዚያ የተማረው ጨዋታ አይጣል ነው። ፊትህን አይቶ ምን እንደያዝክ ይነግርሃል። ከእኔ ቀጥሎ ጎበዝ እሱ ነው።

ኸይሩ ከአብዱልናስር በላይ ተቀመጠ፤ ስለዚህ እሱ የሚጥለው የሚደርሰው ለአብዱልናስር ነው። ይህ መዓት ነበር። አብዱልናስር ሰባት ቁጥር ከመሬት ሲያነሳ ሁላችንም አየነው፤ ሰባት ይሰበስባል ማለት ነው። ኸይሩ ግን የራሱን ካርታ ብቻ ነው የሚያየው። በሚቀጥለው ተራ ሰባት ጣለለት። አብዱልናስር አንስቶ ዘጋ። በሚቀጥለው ጨዋታ ዘጠኝ ብቻ የጎደለውን ተርታ በራሱ እጅ ሞላለት። ኸይሩ ኢብሪቅ ሞላ፣ ሲሞላም ፈገግ ይላል፤ ምክንያቱም እንዲህ በሰው መሀል ተቀምጦ መጫወት ደስ ብሎታል። ያን ፈገግታ ባየሁ ጊዜ ልቤ ስንጥቅ አለ።

በመጀመሪያው ቀን አብዱልናስር ሳቀ። በማግስቱ አልሳቀም። ሌላ ቀን ስንቀመጥ ኸይሩ አንድም ሳይቀር የሚፈልገውን ሁሉ ሲጥልለት፣ አብዱልናስር ሳይዘጋ ካርታውን ምንጣፉ ላይ ወረወረው።

"በቃ!" አለ። "በርበሬ ውስጥ የገባውን የጡብ ዱቄት በአፍንጫው የሚለይ ነጋዴ፣ ሰባት ስሰበስብ ሰባት የሚጥልልኝ ሳያውቅ ነው? ደግሞ እየሳቀ ኢብሪቅ ይሞላልኛል። ይህን ሳቅ እኔ አውቀዋለሁ። ሁለተኛ አልታለልም።"

ኸይሩ ካርታውን አስቀመጠ። "ጋሼ፣ እኔ... የቻልኩትን ያህል ነው የተጫወትኩት።"

"እሱም እንዲሁ ይለኝ ነበር።"

እኔ ብድግ አልኩ። "ወላሂ አይችልም! እኔ ነኝ ያስተማርኩት! በዚህች ምድር እንደሱ የማይችል ሰው የለም!" ስለ ጓደኛዬ እየማልኩ ደደብነቱን ስመሰክርለት፣ እሱም አንገቱን እየነቀነቀ "እውነቱን ነው" ይላል። አብዱልናስር ግን እኔንም የሴራው አባል አድርጎ አየኝ። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። ፈርቶ ነው።

መኣሾ ነው መላ ያመጣው። "ጋሼ አብዱልናስር፣" አለ በዚያ በለዘበ አማርኛው፣ "ከእኔ ጋር ይጫወት። እኔን የሚያባብልበት ምክንያት የለውም። እህት እንኳ የለኝም።"

አብዱልናስር አሰበበትና ተስማማ። "ነገ ከመኣሾ ጋር ብቻውን ይጫወት፣ አንድ ጨዋታ። መኣሾን ካሸነፈ ከእኔ ጋር ሲያታልለኝ ነበር ማለት ነው፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ከተሸነፈ እውነትም አይችልም፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፣ ሽማግሌውንም እቀበላለሁ።"

ወደ ቤት ስንመለስ በደስታ ልጨፍር ምንም አልቀረኝም፤ አብዱልናስር የፈተናውን ቀዳዳ አላየውም። "ኸይሩ! መሸነፍ ብቻ ነው ያለብህ! ይህን ደግሞ ከአንተ የተሻለ የሚሠራው የለም። ምንም አታስብ፣ እንደለመድከው ተጫወት።"

"እንደለመድኩት እጫወታለሁ" አለ።

በማግስቱ ሰማዩ ጠራርቶ ነበር። ራኩባው ሥር ከተሰበሰብን በኋላ ባሕሪያ የወንድሟን ምሳ ይዛ መጣች። ሌላ ቀን አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ያን ቀን ግን ምሰሶውን ተደግፋ ቆመች። ወንድሟም ሂጂ አላላትም። እኔን ግን "አንተ ወዲያ በል፤ በዓይንህ ታስተምረዋለህ" ብሎ ከኸይሩ ፊት ለፊት አስቀመጠኝ፤ ካርታውን እንዳላይ፣ ፊቱን ብቻ እንዳይ።

መኣሾ በወዘ፣ አደለ። ኸይሩ ካርታውን በሥርዓት ደረደረ። ሳበ፣ ጣለ። ሳበ፣ ጣለ። እኔ ተረጋግቼ ነበር። ከዚያ እጁ ወደ ጉልበቱ ሄደች።

ማሸት ጀመረ። "ኧረ አይሆንም" አልኩ በልቤ። ጆከር፣ የጎደለውን ሁሉ የሚሞላው ካርታ፣ መጥቶለት መሆን አለበት። መኣሾ የጣለውን አነሳ፤ አሁንም አሸ። ይህ ሰው በሕይወቱ አንድ ጥሩ እጅ ሳይመጣለት ኖሮ፣ በዛሬዋ ቀን ካርታው ሁሉ ተሰልፎ ወደ እሱ ይመጣል! አሳልኩ። አንገቴን ነቀነቅሁ። ቅንድቤን እስኪያመኝ አንስቼ "አፍርሰው፣ ጣለው" ብዬ በዓይኔ ለመንኩት። አየኝ፤ የምለውም ገብቶታል። ጉልበቱን ማሸቱን ተወና ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ።

በተራው አንድ ካርታ ሳበ። አየው። ሳይጥልም ሳያስቀምጥም ያዘው። ቀና ብሎ ምሰሶውን የተደገፈችውን ባሕሪያን ተመለከታት። ሰው እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም፤ ሊሰናበታት የቆመ ይመስል ነበር። ከዚያ ካርታውን አንድ በአንድ ምንጣፉ ላይ ዘረጋው።

"ዘግቻለሁ" አለ።

የአብዱልናስር ፊት ጠቆረ። "እንግዲያውስ ትችላለህ" አለ ቀስ ብሎ።

"ጋሼ፣ አልችልም። ዛሬ ካርታው በራሱ መጣልኝ" አለ ኸይሩ። "ባላስቀምጠው ይሻለኝ እንደነበር አውቃለሁ። ባሕሪያን ከማጣ ሺህ ጊዜ ብሸነፍ ይሻለኛል። ግን ሆን ብዬ ባፈርሰው ኖሮ፣ ያን ጊዜ እውነትም ዋሽቼዎት ነበር።"

እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ ደግሞም ንዴት ሞልቶኝ፣ ይህን እውነተኛ ሰው አንስቼ ከጭቃው ውስጥ ብወረውረው ተመኘሁ። በዚህ ሁሉ መሀል መኣሾ ብቻ አጎንብሶ የተዘረጋውን ካርታ ይመለከታል። የሐምዳይት ተጫዋች ሳይቆጥር አያምንም።

"ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ ሓወይ" አለ። ከቀይ ካርታዎቹ ተርታ መሀል አንዷን ስድስት ቁጥር በጣቱ ነካት። "ይቺ ልብ ናት። አምስቱ፣ ሰባቱና ስምንቱ ግን አራት ማዕዘን ናቸው። ተርታው አንድ ዓይነት ሥዕል መሆን አለበት። አልዘጋህም።"

ኸይሩ ጎንበስ ብሎ አየ። አይቶ አይቶ ቀና አለ።

"ሁሉም ቀይ አይደሉም እንዴ?" አለ።

ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ያ ሁሉ ትምህርት! መጀመሪያ የሳቀው መኣሾ ነው። ቀጥሎ አብዱልናስር። እንዴት እንደሳቀ! የማያጥፈውን ጉልበቱን እየመታ፣ ኩፍያውን አውልቆ ዓይኑን እየጠረገ፣ እየተንሰቀሰቀ ሳቀ። በኋላማ ሳቁ ሳቅ ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ፤ ሲሸከመው የኖረው ነገር ከላዩ ወርዶለት ነው።

"እኔ ይህን ሰው አባባይ ነው ብዬ ነበር" አለ፣ ትንፋሹን ሲያገኝ። "ኧረ ይህ ሰው ሊያባብለኝ ቢፈልግ እንኳ አይችልበትም! ኸይሩ፣ ይቅር በለኝ። ሽማግሌህን ላክ፤ ነገ ብትልክ ነገ እቀበላለሁ።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብዬ ጮህኩ። መኣሾ የኸይሩን ትከሻ ይመታል። ኸይሩ ራሱ ማሸነፉም መሸነፉም ገና አልገባውም፤ ልብና አራት ማዕዘን እያገላበጠ ያያል።

"ጨረሳችሁ?" አለች ባሕሪያ።

ሁላችንም ዞርን። ከምሰሶው ተላቃ፣ የምሳውን ሳህን እንደያዘች ቆማለች። አልሳቀችም።

"ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን ባሌን ካርታ ላይ አይተህ ሰጠኸኝ። አላማህም፤ ወደኸኝ ነው። ሲሸነፍልህ አይቼዋለሁ። እቤት ግን አንድ ቀን እንኳ ተሸንፎልኝ አያውቅም። ይሄኛውንም ካርታ ላይ አይተኸው ልትሰጠኝ ነው። አኑዋር ተጠየቀ፣ መኣሾ ተጠየቀ፣ ካርታውም ተጠየቀ። እኔን የጠየቀኝ ማን አለ?"

እውነቷን ነበር። እኔ ራሴ፣ ሽማግሌ ነኝ ባዩ፣ ከመደዳው እስከ ራኩባው ስሮጥ ስንት ጊዜ በመኪናዋ አጠገብ አልፌያለሁ፤ ቆም ብዬ አንድ ቃል አላልኳትም። ኸይሩ ሲነሳ ካርታዎቹ ከጭኑ ላይ ተበተኑ። የሚለውን ላቀብለው ብዬ አፌን ስከፍት፣

"አንተ ዝም በል፣ አኑዋር" አለችኝ። ዝም አልኩ።

"ባሕሪያ፣" አለ ኸይሩ፣ "ከሁሉ በፊት አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ። ፈርቼ ነው። ወንድምሽ እምቢ ቢለኝ እችለው ነበር። አንቺ እምቢ ብትዪኝ ግን፣ በማግስቱ ዱካኔን እንዴት እንደምከፍት አላውቅም።" አንድ እርምጃ ቀረበ። "እኔ ነገር አላውቅበትም። የሚጎድለኝ ብዙ ነው፣ ዛሬ ሁሉንም አይተሻል። ታገቢኛለሽ?"

ባሕሪያ ሳህኑን ወንድሟ አጠገብ አስቀመጠች። ጊዜ ወሰደች። ቀና ስትል ዓይኗ እርጥብ ነበር፣ አፏ ግን ያው የባሕሪያ አፍ ነው።

"እሺ" አለችው። "የመጀመሪያውን ሱሪህን ካመጣህበት ከረመዳን ጀምሮ እኮ ይህችን ቃል ስጠብቅ ነው የከረምኩት። እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ ካርታ ትበውዛላችሁ።"